የተደፋው ጣባ

ኮልፌ፣ መጋቢት 6 ቀን 1929 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተጻድቅ፣ አዲስ ዓለም

እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ቤቱም ግማሹ ቆሟል፤ የቀረውን ከዘነበወርቅ ጋር በሣር ሸፍነነዋል። ዘነበወርቅ ጎረቤቴ ናት፤ በሠርጋችን ጊዜ ጠላዋን «ቀጠነ» ብለው ያስቀየሟት። አሁን ከእሷ ሌላ ቅርብ ሰው የለኝም፤ እሷም ቂሟን ረስታለች፣ ጠላውን ግን አልረሳችም።

ቱሉ፣ ያ ቅቤ ነጋዴው፣ ደብዳቤዎን አድርሶልኛል። በጾም ቅቤ የሚገዛው የለምና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ነው የመጣው። «ወንድሜ በሕይወት አለ ወይ?» ላሉኝ፣ አለ ብዬ ነው የማምነው። በየካቲት የያዟቸው ሰዎች ያሉበት ግቢ በር ድረስ ረቡዕና እሑድ ስንቅ እንድናደርስ ፈቅደውልናል። ሰውየውን ግን አያሳዩንም፤ ቃልም አያቀባብሉም። «የይገዙ ነው» ስለው በሩን የሚጠብቀው የጣሊያን አስካሪ አገልግሉን ይቀበለኛል፣ የባለፈውን ባዶ አገልግል ይሰጠኛል፤ በቃ። ባሌ እንዴት እንዳደረ የማውቀው ከሚመለሰው ዕቃ ነው።

እስካሁን ቆሎና ድርቆሽ ብቻ ነበር የማደርስለት። ማሰሮዎቼ ሁሉ በየካቲቱ ቃጠሎ አልቀዋል። ቆሎው ተጠርጎ ያልቃል፤ ስለዚህ አለ እላለሁ። አሁን ግን ዘነበወርቅ ድስት አውሳኛለች፣ ሽሮም አግኝቻለሁ። የሠራሁት ነገር ልቡን እንዲነካው እፈልጋለሁ። ሆድ የባሰው ሰው የልጅነቱን ምግብ ነው የሚናፍቀው ይባላል። ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ሽሮዎን እንዴት እንደሚሠሩት አንድም ሳይቀር ይጻፉልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነግሩኝ በአንዱ ጆሮ ሰምቼ በሌላው ሳፈስሰው ነበርና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ምራትዎ አጸደ

አዲስ ዓለም፣ መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

ቱሉ በቅሎዎቹን ጭኖ ቆሟልና ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ወጥ ብቻ ጻፊልኝ። በየካቲት ስለሆነው፣ ማን የት እንደሄደ፣ የማን ቤት እንደተቃጠለ አትጻፊ። ቱሉን መንገድ ላይ ይፈትሹታል። ወጥ ማንንም አያሳስርም።

ሽሮው እንዲህ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ክተፊ፤ «አድቅቀሽ» ስልሽ አንቺ እንደምታደርጊው አይደለም። መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አቁላዪው፣ ሲይዝብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ። ከዚያ የኑግ ዘይቱ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ። ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅሽ እየነሰነስሽ በሌላው አማስዪ። ሲወርድ ጥቁር አዝሙድ ቆንጥረሽ ጨምሪ። ወፍራም ይሁን፤ ማማሰያው መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ የይገዙ ሽሮ አይደለም።

ኮሰረትሽን ደግሞ እንዳታስጠጊው! ኮሰረት የቅቤ ነው፣ የክትፎ ነው። የእናትሽ አገር ሰዎች ያውቁበታል፣ እጃቸው ይባረክ። ሽሮ ውስጥ ግን ምን ጥልቅ አደረገው? በሠርጋችሁ ሰሞን ያቀመስሽኝ ሽሮ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ይገዙ ዝም ብሎ የሚበላው ስለሚወድሽ ነው እንጂ ስለሚጥመው አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ ከሌለሽ ብዬ በጨርቅ ቋጥሬ ልኬልሻለሁ። ሲበላ ጻፊልኝ።

ወለተጻድቅ

ኮልፌ፣ መጋቢት 20 ቀን 1929 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ?

ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሽንኩርቱን ዓይኔ እስኪጠፋ አድቅቄ ከተፍኩት። ማማሰያው ቆመ፤ ዘነበወርቅን ጠርቼ አሳየኋት። ቀምሳ «ይሄማ የአንቺ እጅ አይደለም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አቀፍኳት። ኮሰረቱ ከጣሪያው ሥር እንደተንጠለጠለ ነው፤ እናቴ ዋጋነሽ ለፋሲካ ብላ የላከችው ነው፣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ይበላል ወይ ላሉኝ ግን፣ እትዬ፣ አይበላም። ቆሎ ሲሆን ያልቅ ነበር። ሽሮው ዳሩ ብቻ ተነክቶ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ደክሞት ነው አልኩ። ቀጥሎም እንዲያው ሆነ። ትናንት እሑድ የተመለሰልኝ ጣባ እንደላክሁት ነበር፤ ከዳሩ አንድ ጉርሻ ብቻ ጎድሏል። እንጀራው ደርቆ ተጠቅልሎ ነበር። መንገዱን ሙሉ አገልግሉን ታቅፌ መጣሁ።

ታሞ ይሆን? ልጅ ሆኖ ሲያመው ምን ነበር የሚያበሉት? ተልባ ልሞክር? ሱፍ ፍትፍት? ወይስ ጨው አብዝቼ ይሆን? ከእኔ አይሸሽጉ፣ እጄ ከሆነ እጄ ነው ይበሉኝ።

አጸደ

አዲስ ዓለም፣ መጋቢት 23 ቀን 1929 ዓ.ም.

ልጄ፣

ጨውም አይደለም፣ እጅሽም አይደለም። ልጁ ሲከፋው እንዲህ ነው። እናታችን የሞተች ሰሞንም አፉን ግጥም አድርጎ አስቸግሮኝ ነበር። ያኔ አፉን ያስከፈትኩት በስልጆ ነው። ስልጆዬን እምቢ ያለ ሰው በአዲስ ዓለም የለም። ካህናቱ እንኳ ሕማማት ሲገባ ደጄን ያዘወትራሉ።

ሱፉን ለብለብ አድርገሽ ውቀጪው፣ በውሃ በጥብጠሽ አጥልዪው። በዚያ ወተት የባቄላውን ዱቄት እንደ ገንፎ አብስዪው። አቀዝቅዢው፤ በሙቀቱ ስናፍጭ ብትጨምሪበት ይመራል፣ ኋላ እኔን እንዳታሚ። ሲበርድ ስናፍጩን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙን ጨምረሽ ማሰሮ ውስጥ ክደኚውና ተዪው። ራሱ ይብላላል። በየቀኑ ከፍተሽ አትነካኪ።

ስናፍጩንና ጤና አዳሙን ቱሉ ይዞልሻል። ስናፍጭ እዚህም ጠፍቷል፤ ያለችኝ ይህችው ነበረች። ለማን ብዬ ላስቀምጣት።

እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን እንኳ ልጽፍልሽ አልነበረም።

ወለተጻድቅ

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1929 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ብቻዎን ከሆኑ ሰው ይጥሩ።

ዛሬ የእሑዱን አገልግል ተቀብዬ ስከፍተው ጣባው ተደፍቶ አገኘሁት። ተናግቶ አይደለም፤ ክዳኑ እንደታሰረ ነው። ምግቡ የለም፣ እንጀራውም የለም፤ ጣባው ተጠርጎ ጸድቷል። ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርገው መሀል ላይ አስቀምጠውታል። ሰው አስቦ እንዳደረገው ያስታውቃል።

በእኛ ቤት ዕቃ የሚደፋው ሰው ሲሞት ነው። አያቴ ያረፈች ዕለት፣ ትበላበት የነበረውን ጣባ እናቴ ምድጃው ዳር ደፋችው፤ ተዝካሯ እስኪወጣ ማንም አላነሣውም። አብረውት ያሉት ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ምግቡን እነሱ በልተው፣ ሌላ መንገሪያ ቢያጡ በዕቃ ነገሩኝ። ቃል ከዚያ ግቢ አይወጣም፤ ጣባ ግን ይወጣል።

አስካሪውን ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ለዛሬ የያዝኩትን ሳልሰጥ ተመለስኩ። ለማን ልስጥ?

ዘነበወርቅ ልቅሶ እንቀመጥ ትላለች፤ ፍራሹን አውጥታለች። ነገር ግን ወንድምዎ ነው፣ ልጅዎም ነው። ያለ እርስዎ ጸጉሬን አልላጭም። ይምጡ፣ ወይም የማደርገውን ይላኩብኝ። አብልቼ ላድነው ነበር የፈለግሁት፤ አልሆነልኝም።

አጸደ

አዲስ ዓለም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1929 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ! ጸጉርሽን እንዳትነኪ!

ይገዙ አለ። በሕይወት አለ፣ ደግሞም በልቶ ጠግቧል! ፍራሹን መልሺው። ሰላምታሽን ከታች ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽን ከፍቼ «ሰው ይጥሩ» የሚለውን ሳነብ ገና ጮኽኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እየገለበጠ መጣ። እያለቀስኩ ሳነብ፣ እያለቀስኩ ሳነብ፣ «ጣባው ተደፍቶ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ሴቶች አበደች ብለው ጠበል ሊረጩኝ ተሯሯጡ። ቱሉማ ደንግጦ ወደ በቅሎው ሸሸ።

ስሚኝ። ያ ልጅ ሲያሳድገኝ፣ አዎ እሱ ነው እኔን ያሳደገኝ፣ አንድ ክፉ አመል ነበረው። የጣመውን የበላ ዕለት ጣባውን ልሶ ልሶ መሶቡ ላይ ድፍት ያደርገዋል። «አልቋል፣ ጨምሪ» ማለቱ ነው። እኔም እንደ እናትሽ ነው የማምነው፤ የተደፋ ዕቃ ሟርት ነው። በማማሰያ እጁን ስመታው፣ ሲያለቅስ፣ መልሶ ሲደፋ ነው ያደገው። አንቺን ሊያገባ ሲል ደጀ ሰላሙ ላይ አቁሜ አስማልኩት። «የሰው ልጅ ቤት እንዲህ ብታደርግ አማቾችህ ሟርተኛ ይሉሃል» አልኩት። ማለልኝ። አንቺ ያላየሽው ለዚህ ነው። ይህን አመሉን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው አልደፋውም፤ ይገዙ ነው።

መሐላውን አፍርሷል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን ጉንጩን ብስመው ነው የምወደው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ! ይኸው ረቡዕ ምግቡን ሳትሰጪ ትመለሺና ልጁ «ጨምሪ» እያለ በረሃብ ይሙትልሽ። ሂጂ፣ አድርሺለት!

ደግሞ ነግሬሽ ነበር። ስልጆዬ ነው ያስደፋው! ስልጆዬ እስር ቤት ገብቶ አፍ አስከፈተ። እንዴት ወጣልሽ? ስንት ቀን ተብላላ? ስናፍጩ አልበዛም? ዝርዝሩን ጻፊልኝ። አሁን እንደምን አለሽ ልጄ? እኔ ዛሬ ጉልበቴም አላመመኝ።

ወለተጻድቅ

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ዘነበወርቅ አጠገቤ ቆማ ሰማችው። እልል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት፤ በዚህ ሰሞን እልልታም ያስጠይቃል። ፍራሹን መልሳለች።

ትናንት ሄጄ ስንቁን ሰጥቻለሁ፤ እግሬ መሬት አልነካም። ስናፍጩ ጥሩ ነበር፣ ጤና አዳሙም ትኩስ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ስልጆው የጠየቁኝን ግን ዛሬ አልጽፍልዎትም። አይቀየሙኝ። ይገዙ ሲወጣ ቁጭ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ለእኔም ይጸልዩልኝ።

አጸደ

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1929 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት።

ይገዙ ቤት ነው። ከጎኔ በፀሐዩ ላይ ተጋድሞ እያንኮራፋ ነው። ቅዳሜ ሹር ዕለት ከሌሎች ጋር ለቀቋቸው። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ ስለ ወጥ ብቻ ጻፊ ብለውኛል። ከስቷል፣ አንዱ እግሩም ያነክሳል፤ ይሽራል። መንገድ ላይ አንድ ዲያቆን ቄጠማ ሰጥቶት ራሱ ላይ አስሮ ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ «አጸደ፣ አጸደ» አለኝ፤ አይገባም። ስሄድና ስይዘው ነው የገባው። ትናንትና ዛሬ እየሳቅሁ ነው የማለቅሰው፤ ዘነበወርቅ ታዝባኛለች።

አሁን ስለ ስልጆው።

እትዬ፣ ስልጆው ሻገተ። እንዳሉኝ አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን የከተትኩበት ማሰሮ ከገበያ በተገዛ በማግስቱ ነው፣ አልተሟሸም ነበር። ማሰሮ ሳላሟሽ ከትቼ አላውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ልቤ እኔ ዘንድ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ስከፍተው ጸጉር አብቅሏል። ያለችዎትን ስናፍጭ አጥፍቼብዎ ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመሄጃው ሰዓት ደርሷል፣ በቤቱ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። የእርስዎን ሽሮ እንዳልሠራ ጥቁር አዝሙዱ አልቋል። እጄ ራሱ ወደ ጣሪያው ሄደ። በእናቴ ኮሰረት፣ ቀጠን አድርጌ፣ ሽንኩርቱንም እንደ ልማዴ ወፈር አድርጌ ከትፌ፣ እኔ የማውቀውን ሽሮ ሠራሁና ወሰድኩ። ተደፍቶ የተመለሰው ጣባ የዚያ ሽሮ ነው።

እንግዲህ ያስቡት። ደብዳቤዎ «ስልጆዬ ነው ያስደፋው» ሲል ደስታዬ ወገቡ ተቆረጠ። ጣባው ውስጥ ስልጆ አልነበረም። ይገዙ የሚደፋው ለጣመው ነው ይላሉ፤ የእኔን ሽሮ ደግሞ ለፍቅር ብሎ ነው የሚበላው ብለውኛል። ታዲያ የደፋው ማን ነው? እርስዎ ግን እየሳቁ ነበር፣ ጉልበትዎም አላመመዎትም። ያንን እንዴት ላፍርሰው? ዝም አልኩ። እሑድ ያንኑ ሽሮ ከነኮሰረቱ ሰጠሁ። ረቡዕ ተደፍቶ መጣ። ደግሞ ሰጠሁ፣ በሆሳዕናም ተደፍቶ መጣ። ያኔ ነው ሳልፈራ ያመንኩት።

ትናንት ጠየቅሁት። «ለምን ደፋኸው? ለምንስ የፊቱን አልበላህም?» አልኩት። እንዲህ አለኝ፦

«የያዙኝ ዕለት ሰፈሩ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ወጥተሽ ይሁን አላወቅሁም። ቆሎ ሲመጣ፣ ቆሎ የሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ጎረቤት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሽሮው መጣ። ወፍራም፣ ጥቁር አዝሙድ ያለው። የእህቴ እጅ ነው። እህቴ ከአዲስ ዓለም ድረስ መጥታ የምታበስልልኝ አጸደ ብትኖር ነው? አበቃላት አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልዋጠው? በየሳምንቱ ሲመጣ በየሳምንቱ ነበር የምቀብርሽ። አንድ እሑድ ግን ክዳኑን ሳነሣው ኮሰረት ሸተተኝ። ሽሮ ውስጥ ኮሰረት የሚጨምር ከአንቺ በቀር በአገሩ ማን አለ? ጮኽኩ፤ አጠገቤ ያሉት አፌን ያዙኝ። ጠርጌ በላሁት። እህቴ በሩ ላይ ካለች ትረዳዋለች ብዬ ደፋሁት።»

እትዬ፣ እኔ እሱን ደስ ላሰኝ ብዬ እጄን ስደብቅ፣ እሱ እኔን ሲያለቅስ ከርሟል። ሁለታችንም በአንድ ሽሮ ምክንያት አንዳችን የአንዳችንን ልቅሶ ተቀምጠናል። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። እጅዎን የሚያውቀው ወንድምዎ ባይሆን፣ አመሉን የሚያውቁት እርስዎ ባይሆኑ፣ ዛሬ ጸጉሬ አልነበረም።

ለትንሣኤው ዶሮ አልነበረንም። ዘነበወርቅ ሁለት እንቁላል ሰጠችን፤ ሽሮው ላይ ሰብሬ ጨመርኩት፣ ቱሉም ትንሽ ቅቤ ጣል አደረገልን። ይገዙ ጠረገውና ዓይኔን እያየ ጣባውን ሊደፋው አነሣ። እጁን ያዝኩት። በቤቴ ዕቃ አይደፋም። አሁን አጠገቤ ነው፤ መጨመር ከፈለገ በአፉ ይናገር።

ተናገረም። ጨመርኩለት።

አጸደ

አዲስ ዓለም፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1929 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስልጆዬ መሻገቱን ለማንም አልነገርኩም፤ እዚህ አገር ያስደፋው ስልጆ ነው ተብሎ ተወርቷል፣ እንደዚያው ይቅር። ካህናቱም ያመኑትን አላስክዳቸውም።

ይገዙን ሳሚልኝ። እግሩን በሙቅ ውሃ እሺልኝ። ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ። ስመጣ ያን ሽሮሽን እበላለሁ፤ ምንም አልናገርም። ኮሰረቱ በጭብጥ ነው ወይስ በቁንጥር? ገና ሲፈላ ነው ወይስ ሲወርድ? ጻፊልኝ፣ ትንሽም በቱሉ ላኪልኝ። ለዘነበወርቅ እንዳትነግሪ።

ማሰሮ ልኬልሻለሁ። እኔ ራሴ አሟሽቼዋለሁ። ሽሮ ሠርቼበት ነበር፤ የእኔ ሽታ እንዳይቀርበት አድርጌ አጥቤዋለሁ።

ወለተጻድቅ